የአፋር ረባዳና የውቅያኖሶች አፈጣጠር ታሪክ

ታሪክ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የነገሥታትን ዜና፣ የጦርነትን ውሎና የከተሞችን አቆራቆር ነው። ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ነገሥታቱ የነገሡባት፣ ሠራዊቱ የተሰለፈባትና ከተማው የተቆረቆረባት ምድር ራሷም ታሪክ አላት። ይህ ታሪክ የተጻፈው በብራና ሳይሆን በዐለት፣ በጨውና በቀዘቀዘ የእሳተ ገሞራ ፍሳሽ ላይ ነው። እኔም በዚህ የትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ መጽሔት ላይ ከዚሁ ታሪክ አንዱን ምዕራፍ ለአንባብያን ለማቅረብ አስቤአለሁ። ይኸውም በአገራችን በአፋር ምድር አዲስ የውቅያኖስ ጎድጓዳ እየተሠራ መሆኑንና ሰዎች ይህን እንዴት እንደ ደረሱበት የሚናገር ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ምናልባት «ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ በሰንጋ ተራ ተቀምጦ ለሚማር ልጅ የውቅያኖስ ነገር ምን አገባው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልሱንም ከጽሑፉ መጨረሻ ላይ ለመስጠት እሞክራለሁ። አስቀድሞ ግን ውቅያኖስ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

ውቅያኖስ ማለት ውሃው ነው ወይስ ወለሉ?

ከምድር ገጽ ከ100 እጅ 71 ያህሉ በውቅያኖስ ውሃ የተሸፈነ ነው። የውሃው ጥልቀት በአማካይ 3,700 ሜትር ያህል ሲሆን፣ በሰላማዊ ውቅያኖስ ውስጥ የሚገኘው ማሪያና የተባለው ገደል ግን ወደ 11,000 ሜትር ይጠጋል። ብዙ ሰው ውቅያኖስን የሚያስበው እንደ ማንኛውም የብስ መሬት ሁኖ ውሃ የሞላበት ዝቅተኛ ስፍራ አድርጎ ነው። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የውቅያኖስ ወለል የተሠራበት ዐለት እኛ ከምንኖርበት የአህጉር ዐለት በዓይነቱም በውፍረቱም የተለየ ነው።

አህጉራት የተሠሩት በአብዛኛው እንደ ግራናይት ካሉ ቀለል ካሉ ዐለቶች ነው፤ ውፍረታቸውም ብዙውን ጊዜ ከ35 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። የውቅያኖስ ወለል ግን ባዛልት ከሚባለው ከባድ ዐለት የተሠራ ሁኖ ውፍረቱ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ባዛልት የምንለውም በአዲስ አበባ አጥርና መሠረት የሚሠራበት የጥቁር ድንጋይ ዓይነት ነው። ሁለቱም ዓይነት ቅርፊቶች የተቀመጡት ከሥራቸው ባለው፣ እጅግ ሞቃትና ቀስ በቀስ በሚንቀሳቀስ ዐለት ላይ ነው። ወፍራም ግንድና ቀጭን ሳንቃ በውሃ ላይ ቢንሳፈፉ ግንዱ ከፍ ብሎ፣ ሳንቃው ዝቅ ብሎ እንደሚታይ ሁሉ፣ ወፍራሙና ቀላሉ የአህጉር ቅርፊት ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ቀጭኑና ከባዱ የውቅያኖስ ቅርፊት ደግሞ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ውሃም ዝቅ ወዳለው ስለሚወርድ በዚያ ይጠራቀማል። እንግዲህ ቀድሞ የሚሠራው ጎድጓዳው ነው፤ ውሃው ተከትሎ የሚመጣ ነው።

ይህን ልዩነት ለመረዳት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። በዓባይ በረሃ፣ በደጀንና በሙገር አካባቢ ወፍራም የኖራ ድንጋይ ንጣፍ ይገኛል። ይህ ድንጋይ የተሠራው ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ጥልቀት የሌለው ባሕር የአገራችንን ምድር ሸፍኖ በነበረ ጊዜ ነው፤ በውስጡም የባሕር እንስሶች ቅሪት ይታያል። የሙገር ሲሚንቶ የሚሠራው ከዚህ ድንጋይ ስለሆነ፣ በከተማችን ከቆሙት ፎቆች ብዙዎቹ በከፊል ከጥንት የባሕር ጭቃ የተሠሩ ናቸው ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ያ ባሕር ውቅያኖስ አልነበረም። ውሃው በአህጉሩ ላይ ወጥቶ ብዙ ዘመን ቆየ፤ ከዚያም ተመልሶ ሄደ፤ ከሥሩ የነበረው ወፍራም የአህጉር ዐለት ግን አልተለወጠም። ስለዚህ በዓባይ በረሃ ውሃ መጥቶ ነበር፤ ውቅያኖስ ግን አልተሠራም። በአፋር የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ውሃው ሳይኖር የውቅያኖሱ ወለል በመሠራት ላይ ነው።

የዓለም ሊቃውንት ነገሩን የደረሱበት መንገድ

በ1912 አልፍሬድ ቬግነር የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ አህጉራት ሁሉ በጥንት ዘመን በአንድነት ተጋጥመው እንደ ነበሩና በኋላ እየተራራቁ እንደ ሄዱ አስታወቀ፤ ሐሳቡንም በ1915 በመጽሐፍ አሳተመ። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደስ የሚያሰኘው ነገር ቬግነር በዚሁ መጽሐፍ ስለ አገራችን ምድር መናገሩ ነው። ዐረቢያን ወደ አፍሪካ መልሶ ለመግጠም ሲሞክር ዳር ከዳሩ ጋራ ይስማማለት ነበር፤ አንድ ስፍራ ግን ትርፍ ሁኖ አስቸገረው። ይኸውም በአንኮበር፣ በምጽዋና በበርበራ መካከል ያለው ሦስት ማዕዘን መሬት ነው። ቬግነርም ይህ ስፍራ በአዲስ የእሳተ ገሞራ ዐለት የተሞላ መሆኑን አይቶ፣ ሁለቱ አህጉራት ከተለያዩ በኋላ የመጣ መሬት መሆን አለበት ብሎ ገመተ። አፋርን ሳይረግጥ የአፋርን ምስጢር ከካርታ ላይ ማንበብ ጀመረ ማለት ነው።

ነገር ግን አህጉራትን የሚገፋው ኃይል ምን እንደ ሆነ ማስረዳት ስላልቻለ አብዛኞቹ ሊቃውንት አልተቀበሉትም። በ1930 በግሪንላንድ በረዶ ውስጥ ለምርምር ሄዶ ሳለ ሞተ። የሐሳቡ ማስረጃ የተገኘው ከሞቱ በኋላ ነው፤ የተገኘውም ማንም ባልጠበቀው ስፍራ፣ ከባሕር በታች ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መርከቦች ድምፅ ወደ ታች እየላኩና የተመለሰውን እየተቀበሉ የባሕርን ጥልቀት መለካት አዘወተሩ። ማሪ ታርፕ የምትባል አሜሪካዊት በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከመርከቦቹ የመጣውን ልክ በወረቀት ላይ ስታነጥብ፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል በተዘረጋው የተራራ ሰንሰለት ጫፍ ላይ ረጅም ስንጥቅ ሸለቆ አገኘች። በዚያ ጊዜ ሴቶች በምርምር መርከብ እንዲሳፈሩ አይፈቀድላቸውም ነበርና ሥራዋን ሁሉ የሠራችው በየብስ ላይ ተቀምጣ ነው። የሥራ ጓደኛዋ ብሩስ ሂዘን ነገሩን መጀመሪያ አላመነም። ነገር ግን የመሬት መንቀጥቀጥ የተነሣባቸው ስፍራዎች በካርታ ላይ ሲደረደሩ ልክ በዚያው ሸለቆ ላይ አረፉ። ሁለቱም ይህ የባሕር ውስጥ ሸለቆ የምሥራቅ አፍሪካን ስምጥ ሸለቆ እንደሚመስል አስተዋሉ። ዛሬ ይህ የባሕር ውስጥ ሰንሰለት በውቅያኖሶች ሁሉ ዞሮ 65,000 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚረዝም ታውቋል።

በ1962 ሃሪ ሄስ የተባለ አሜሪካዊ ፕሮፌሰር ስለ ውቅያኖስ ጎድጓዳዎች ታሪክ አንድ ጽሑፍ አወጣ። በእርሱ አስተያየት በሰንሰለቱ መካከል ባለው ስንጥቅ ቅልጥ ዐለት ከሥር ይወጣል፤ ሲቀዘቅዝም አዲስ የባሕር ወለል ይሆናል፤ አሮጌውም ወለል ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይገፋል፤ በመጨረሻም በጥልቅ ገደሎች በኩል ተመልሶ ወደ ምድር ሆድ ይገባል። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1963፣ ቫይንና ማቲውስ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን የዐለቱን መግነጢስ በመመርመር ለዚህ ማስረጃ አቀረቡ። ከስንጥቁ በግራና በቀኝ ያለው ዐለት መግነጢሱ አንድ ጊዜ ወደ ሰሜን፣ አንድ ጊዜ ወደ ደቡብ ሁኖ፣ እንደ ጥለት ተራ በተራ ተሰልፎ ይገኛል፤ የግራውም ጥለት ከቀኙ ጋራ ይመሳሰላል። ከ1968 ጀምሮ ደግሞ ግሎማር ቻሌንጀር የተባለች መርከብ የባሕሩን ወለል እየቆፈረች ዕድሜውን አረጋገጠች። ምድራችን 4,500 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ ሲኖራት ዛሬ ካሉት ታላላቅ ውቅያኖሶች ወለል ግን 200 ሚሊዮን ዓመት የሚሞላው የለም ለማለት ይቻላል። ከዚህም የተነሣ ውቅያኖስ ይወለዳል፣ ያድጋል፣ ያረጃል፣ ይጠፋል የሚለው ትምህርት ጸና።

እንግዲህ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ግልጥ ነው። ውቅያኖስ የሚወለድ ከሆነ፣ ሲወለድ ሰው በዓይኑ አይቶ በእግሩ ረግጦ ሊመረምረው የሚችል ስፍራ የት ይገኛል? አይስላንድ የምትባለው ደሴት አንዷ ናት፤ ነገር ግን እርሷ የምታሳየው አድጎ የጨረሰውን የአትላንቲክን መካከለኛ ስንጥቅ ነው። አህጉር ተቀድዶ ወደ ውቅያኖስነት የሚሻገርበትን ደረጃ በየብስ ላይ አጉልቶ የሚያሳየው አፋር ነው።

የአፋር ምድር

የአፋርን ምድር ከሊቃውንቱ አስቀድሞ የሚያውቁት የአገሩ ሰዎች ናቸው። ግመልና ፍየል እያረቡ በዚያ ሐሩር የኖሩ፣ የፍልውሃውንና የጭሱን ተራራ ጠባይ ያጠኑ፣ ስሙንም ያወጡለት እነርሱ ናቸው። ኤርታ አሌ የሚለው ስም በአፋርኛ የሚጨስ ተራራ ማለት ነው ይባላል። ከዚያ ሰሜን ባለው በደናክል ረባዳ ውስጥ መሬቱ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር ይበልጥ ዝቅ ይላል፤ በዚያም የአሳሌ የጨው ሜዳ ይገኛል።

ይህ ጨው በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ስፍራ አለው። በ6ኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የተባለው ነጋዴ የአክሱም ንጉሥ ሰዎች ወደ ወርቅ አገር ሲሄዱ በሬ፣ ብረትና ጨው ይዘው እንደሚሄዱ ጽፏል። በ1520ዎቹ ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ደግሞ ጨው በመላው አገር እንደ ገንዘብ እንደሚያገለግልና ከተቆረጠበት ስፍራ በራቀ ቁጥር ዋጋው እንደሚጨምር መስክሯል። አሞሌ የምንለው ይህ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 በስማቸው ብር ካስቀረጹ በኋላ ስንኳ አሞሌ ወዲያው ከገበያ አልወጣም። ለከብትም ይላስ ስለ ነበር፣ እንደ ስሙ የሰንጋ ገበያ በነበረው በእኛ ሰፈር አሞሌ እንግዳ ነገር አልነበረም።

ይህ ሁሉ ጨው ከየት መጣ? መልሱ ከባሕር ነው። በደናክል ረባዳ ዳርና ዳር፣ ዛሬ ጠብታ ውሃ በሌለበት ደረቅ ተዳፋት ላይ፣ ኮራል የሚባሉት የባሕር እንስሶች የሠሩት ድንጋይ ተደርድሮ ይታያል። ቀይ ባሕር፣ አባቶቻችን ባሕረ ኤርትራ የሚሉት፣ ከአንድ ጊዜ በላይ ወደዚህ ረባዳ ገብቶ ነበር፤ የመጨረሻውም ከ100,000 ዓመት በፊት ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ በሰሜን በዙላ ወደብ በኩል መሬቱ ከፍ ብሎ መግቢያውን ስለ ዘጋው ውሃው በፀሐይ ተነነ፤ ጨውም ቀረ። ይህ በተደጋጋሚ ስለ ሆነ የጨውና የጨው መሰል ደለል ውፍረት በአንዳንድ ስፍራ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ይደርሳል። ስለዚህ አባቶቻችን በአሞሌ ሲገበያዩ የያዙት የደረቀ ባሕር ቁራጭ ነበር። ከዚህም ቀደም ብለን ያልነው ይጸናል፤ ውሃ በዚህ ረባዳ ውስጥ እንግዳ ነው፣ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ወለሉ ግን ሥራውን አላቋረጠም።

የውጭ አገር መንገደኞች አፋርን አቋርጠው ማለፍ የቻሉት በብዙ ችግር ነው። በ1928 ሉዶቪኮ ኔስቢት ደናክልን ከደቡብ እስከ ሰሜን አቋረጠ። በ1933 እና በ1934 ደግሞ በዚሁ በአዲስ አበባ በ1910 የተወለደው እንግሊዛዊ ዊልፍሬድ ቴሲጀር አዋሽን ተከትሎ መጨረሻው ድረስ ተጓዘ፤ ወንዙም ወደ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ እንደሚያበቃ በዓይኑ አየ። አዋሽ ለምን ባሕር አይደርስም? የሚወርድበት ምድር እየሰመጠ ያለ ስለሆነ፣ ወደ ውጭ የሚያወጣ በር አላገኘም። ወንዙ የሚፈስሰው ገና በመሠራት ላይ ወዳለ የውቅያኖስ ጎድጓዳ ነው።

የሳይንስ ሥራ በአዲስ አበባ ሥር የያዘው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት በተባለው በ1957 እና በ1958 ነው። በዚያ ጊዜ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ምርምር ጣቢያ ተቋቋመ። ጣቢያውን ለብዙ ዓመታት የመሩት ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን አባ ፒየር ጉዌን ናቸው። አዲስ አበባ ለመግነጢስ ወገብ ቅርብ በመሆኗ የመጀመሪያው ዓላማ የምድርን መግነጢስ መለካት ነበር፤ ነገር ግን ከተማዋ በስምጥ ሸለቆ ዳር ስላለች የመሬት መንቀጥቀጥ ጥናቱ እያደገ ሄደ። አባ ጉዌን ከጥንት ጽሑፎችና ከመሣሪያ መዝገብ እየለቀሙ የኢትዮጵያንና የአፍሪካን ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በ1979 አሳተሙ። እንግሊዛዊው ፖል ሞር ደግሞ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የኢትዮጵያን ሥነ ምድር በአንድ መጽሐፍ ሰበሰበ። በ1967 እና በ1968 ሃሩን ታዚየፍ፣ ጆርጆ ማሪኔሊና ጓደኞቻቸው ወደ ደናክል ገብተው ዐለቱን ከመረመሩ በኋላ፣ ይህ ምድር በመወለድ ላይ ያለ ውቅያኖስ ነው የሚለውን ሐሳብ ለዓለም አሰሙ። ቬግነር በካርታ የገመተውን እነርሱ በመዶሻ ሰብረው አዩት።

ዛሬ የሚታወቀው እንዲህ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ከምድር ሆድ እጅግ ብዙ ቅልጥ ዐለት ወጥቶ የአገራችንን ደጋ ሸፈነ፤ በአንዳንድ ስፍራ ውፍረቱ እስከ 2 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ከዚያ ወዲህ ቅርፊቱ በሦስት አቅጣጫ ተቀደደ። አንዱ ቅድ ቀይ ባሕር፣ ሁለተኛው የኤደን ባሕረ ሰላጤ፣ ሦስተኛው በአዋሽ፣ በዝዋይና በአባያ በኩል የሚወርደው ስምጥ ሸለቆ ነው። ሦስቱም የሚገናኙት በአፋር ነው። ሁለቱ ቅዶች ውሃ ገብቶባቸው ባሕር ሁነዋል፤ ሦስተኛው ገና የብስ ነው። በደጋው ወደ 40 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ቅርፊት በሰሜን አፋር ከ20 ኪሎ ሜትር በታች ሳስቷል። ወፍራሙ ግንድ እየተጠረበ ቀጭን ሳንቃ ለመሆን ተቃርቧል ማለት ነው።

የ2005 ዓመት ምስክርነት

ይህ ሁሉ ሲነገር ነገሩ የጥንት ታሪክ ብቻ ይመስል ነበር። በመስከረም ወር 2005 ግን ዳባሁ በተባለው የአፋር እሳተ ገሞራ አካባቢ ምድር ያለማቋረጥ ተንቀጠቀጠች፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ በመሣሪያ የተመዘገበው ጠንካራ መንቀጥቀጥ ከ100 ይበልጥ ነበር። በዚሁ ወር በ26ኛው ቀን ዳዑሬ በተባለው ስፍራ መሬቱ ተሰንጥቆ ዐመድ ወጣ። አርብቶ አደሮች ከብታቸውን ይዘው ሸሹ።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት፣ ከእነርሱም መካከል ዶክተር አታላይ አየለና ፕሮፌሰር ገዛኸኝ ይርጉ፣ ከውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋራ ነገሩን መረመሩ። ከሰማይ በሳተላይት የተወሰደው ልክ እንዳሳየው፣ 60 ኪሎ ሜትር በሚያህል ርዝመት መሬቱ ከመካከል ተከፍቶ በአንዳንድ ስፍራ እስከ 8 ሜትር ተራርቆ ነበር። ክፍተቱን የሞላው ከታች የመጣ ቅልጥ ዐለት 2.5 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ አብዛኛው ወደ ላይ ሳይወጣ በምድር ውስጥ ቀዝቅዞ ቀረ። እስከ 2010 ድረስም ቅልጥ ዐለት በዚያው ሰንሰለት ከ10 ጊዜ በላይ ሰርጎ ገባ። ይህ አሠራር በውቅያኖስ ወለል መካከል የሚፈጸመው ራሱ ነው፤ ልዩነቱ በዚያ በሺህ በሚቆጠር ሜትር ውሃ ሥር ተሰውሮ ሲፈጸም፣ በአፋር ግን ሰው በእግሩ ሄዶ ሊያየው መቻሉ ነው።

ከዚህ ጥናት አንድ ትልቅ ትምህርት ተገኘ። በአፋር ሁለቱ ወገኖች የሚራራቁት በዓመት ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። 8 ሜትር እንዲሞላ በዚህ አካሄድ ብዙ መቶ ዓመታት ያስፈልጋሉ። ምድሪቱ ግን የብዙ መቶ ዓመቱን ዕዳ በጥቂት ቀናት ከፈለች። ስለዚህ ውቅያኖስ የሚከፈተው በየዕለቱ እኩል በመሄድ አይደለም፤ ለብዙ ዘመን ዝም ብሎ ይቆይና በድንገት ይዘላል። ዝምታው የሰላም ምልክት አይደለም፤ የመጠራቀሚያ ጊዜ ነው።

ታዲያ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

አሁን በመጀመሪያ ወደ ተነሣው ጥያቄ እንመለስ። የአፋር ነገር ለሰንጋ ተራ ሰው ምን አገባው?

አንደኛ፣ ከተማችን የተቆረቆረችው በዚሁ ቅድ ዳር ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1886 ከእንጦጦ ወርደው የፍልውሃውን ስፍራ በመውደዳቸው አዲስ አበባ እንደ ተመሠረተች ሁላችን የምናውቀው ነው። ከሰንጋ ተራ በእግር የሚደረስበት ይህ ፍልውሃ የሚፈልቀው የምድር ቅርፊት በተሰነጠቀበት መሥመር በኩል ነው። ወጨጫ፣ የረርና ዝቋላም የቀድሞ እሳተ ገሞራዎች ናቸው። በሰፈራችን የሚዘንበውም ዝናብ በአቃቂ ወንዝ በኩል የአዋሽ ተፋሰስ ነው፤ ከእንጦጦ ጀርባ የሚዘንበው ግን ወደ ዓባይ ይሄዳል። በሌላ አነጋገር የደጃፋችን ጎርፍ መንገዱ ወደ አፋር ነው።

ሁለተኛ፣ ከዚህ መሬት ጥቅም ይገኛል። በአሉቶ ላንጋኖ ከምድር በሚወጣ እንፋሎት ኤሌክትሪክ የሚሠራ ጣቢያ በ1990ዎቹ መጨረሻ ተተክሏል። ድንቅነሽም በ1974 በሐዳር የተገኘችው ረባዳው እየሰመጠ ደለል ስለ ሸፈናትና አጥንቷን 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ስለ ጠበቀላት ነው። ምድሩ ባይሰምጥ ኖሮ የሰው ልጅ የዘር ታሪክ መዝገብ በዚያ ባልተገኘ ነበር።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው የሰው ሕይወት ነገር ነው። በ1961 በደሴ መንገድ በካራ ቆሬ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ የመጀቴን ከተማ አፈረሰ። በ1969 በአፋር የሰርዶ ከተማ ፈርሳ ሰዎች ሞቱ። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በአዋሽና በፈንታሌ አካባቢ ምድር በተደጋጋሚ ስትንቀጠቀጥ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ለቀው ሄደዋል፤ መንቀጥቀጡም እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል። በኅዳር 2025 ደግሞ በአፋር ሃይሊ ጉቢ የተባለው ተራራ ፈንድቶ የዐመዱ ደመና ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ሕንድ ደረሰ። ሰንጋ ተራ ዛሬ ከብት የሚነዳበት ሜዳ አይደለም፤ ታላላቅ ባንኮችና ረጃጅም ፎቆች የቆሙበት ሰፈር ሁኗል። በ1995 የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ደንብ ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ራሱን የቻለ ክፍል ነበረው። ደንቡ ግን በወረቀት ላይ ሲቀመጥ ግድግዳ አይደግፍም። ብረቱን የሚያስረው፣ ሲሚንቶውን የሚመጥነውና ሥራውን የሚቆጣጠረው ሰው የስምጥ ሸለቆን ታሪክ ቢያውቅ፣ ደንቡ ለምን እንደ ወጣ ይገባዋል፤ የገባው ሰውም በቀላሉ አያጓድለውም።

በዚህ ላይ በሰዎች መካከል አንዳንድ ጊዜ የሚሰማ አንድ ጨዋታ አለ፤ ወደፊት ምድሩ ተከፍሎ የራሳችን ባሕርና ወደብ ይመጣልናል የሚል ነው። ጨዋታነቱ ባይከፋም በቁጥር ብንመዝነው ተስፋ የሚጣልበት አይደለም። በአዋሽና በዝዋይ በኩል ያለው ስምጥ ሸለቆ የሚሰፋው በዓመት ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ወዲህ የተጨመረው ስፋት አንድ ክንድ ተኩል እንኳ አይሞላም ይሆናል። 1 ኪሎ ሜትር ለመስፋት 200,000 ዓመት ያስፈልገዋል። እውነተኛው ውቅያኖስ ቢመጣም የሚመጣው በሚሊዮን ከሚቆጠር ዓመት በኋላ ነው፤ ለእኛም ለልጅ ልጆቻችንም አይደርስም። ለእኛ የሚደርሰን መንቀጥቀጡ፣ ፍልውሃው፣ እንፋሎቱና ጨው ነው። ከውቅያኖሱ ድርሻችን ውሃው ሳይሆን ትምህርቱ ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ፣ የዓለም ሕዝብ የውቅያኖስን አወላለድ ለመማር በመርከብ ተሳፍሮ በጥልቅ ውሃ ላይ ብዙ ሀብት ሲያፈስስ፣ እኛ ይህን መጽሐፍ በአገራችን በየብስ ላይ ተዘርግቶ አግኝተነዋል። ቬግነር በሩቅ ሁኖ ገመተው፤ ታዚየፍና ማሪኔሊ መጥተው አዩት፤ አባ ጉዌን የመንቀጥቀጡን መዝገብ ጀመሩልን፤ የአገራችን ሊቃውንትም በ2005 መሬቱ ሲከፈት በስፍራው ተገኙ። መዝገቡ ግን አላለቀም። በአፋር ሐሩር መሣሪያ የሚተክል፣ ከአርብቶ አደሩ ዘንድ ተቀምጦ ያየውን የሚጽፍ፣ በከተማም ጸንቶ የሚቆም ቤት የሚሠራ ሰው ያስፈልጋል። ከዚህ ዓመት ተመራቂዎች መካከል አንድም ሰው ስንኳ ለዚህ ሥራ ቢነሣ፣ ትምህርት ቤታችን ለአገሩ ትልቅ ውለታ ውሏል እላለሁ።